ቮልሷ ባትሪ ትበላለች፦ የሽቦ ፍለጋ ማስታወሻ

መስከረም 10፣ ቅዳሜ፣ ደሴ

መኪናዋ የአባቴ ቮልስ 1300 ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1971 ሞዴል፣ 12 ቮልት። ሞተሩ አምና ተሠርቷል፣ ካርቡራተርና ካንዴላ ላይ ችግር የለም፣ የቀረው ጣጣ በሙሉ ሽቦ ነው። ዛሬ ቁጭ ብዬ የጻፍኩት፦ ሶስት ቀን ከቆመች ባትሪው ሙት ነው፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) አንዳንዴ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል፣ የግራ ፍሬቻ ሲበራ የኋላው ፖዚሽን አብሮ ብልጭ ይላል፣ የፊት መብራቱ ኩራዝ ነው፣ ክላክሱ ደሞ መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ራሱ ይጮሃል።

የመጨረሻው ቀልድ ይመስላል ግን ባለፈው ሳምንት ሰኞ ገበያ የሚባለው ቦታ አጠገብ ለቅሶ ነበር፣ ድንኳን መንገዱን ይዞ፣ ቀስ ብዬ በጎን ላልፍ ስታጠፍ ጮኸች፣ መሪው እስኪመለስ ድረስ አላቆመችም። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እጄ ክላክሱ ላይ እንዳልሆነ በምን ላስረዳ። እዛው ጥግ ይዤ ሽቦውን ከክላክሱ ነቀልኩት።

በዚህ ዓመት ሁለት ባለሙያ አይቷታል። አንዱ "ባትሪህ ነው" አለ፣ ባለ 45 አምፔር ባትሪ ገዛሁ፣ 9,500 ብር። ሁለተኛው "ሞተሪኖ ነው" አለ፣ ካርቦንና ቡሽ ተቀየረ፣ ከእጅ ዋጋ ጋር 2,800። ችግሩ እንዳለ አለ። ሁለቱም ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) አላወጡም፣ እኔም "ለካችሁት ወይ" ብዬ አልጠየቅኩም። ዛሬ ፒያሳ ወርጄ ቴስተር ገዛሁ፣ 1,300።

መስከረም 11፣ እሁድ

የኋላውን ወንበር አነሳሁ፣ ባትሪው እዛ ስር ነው ያለው። መጀመሪያ ያየሁት ነገር ራሱ አስደነገጠኝ፣ የባትሪው ክዳን የለም፣ የወንበሩ ስፕሪንግ ከፖዘቲቩ ራስ አንድ ጣት ነው የሚርቀው። ከበድ ያለ ሰው ቢቀመጥበት ስፕሪንጉ ይነካና ሾርት ነው፣ ከዛ የወንበሩ ሙሌት ይያያዛል፣ ቮልስ ላይ የታወቀ የእሳት ምክንያት ነው። እኔ በዚህ ወንበር ላይ ሶስት ሶስት ሰው ጭኜ ሐይቅ ድረስ ተመላልሻለሁ። ካላማዳሪያ ቆርጬ ላዩን አለበስኩት፣ ነጻ።

ቀጥሎ ኔጌቲቩን ፈታሁና ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጌ በባትሪው ራስና በካቦው መሀል አስገባሁት። ቁልፍ ጠፍቶ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ 1.38 አምፔር። ሌባው ተያዘ አልኩ። ፊውዝ አንድ ባንድ ስነቅል አንዱ ላይ ወደ 0.55 ወረደ። የጣሪያ መብራት መስመር ነው። በቃ ግማሽ ቀን የጣሪያውን ልባስ እየገለጥኩ ያን ሽቦ ስከታተል ዋልኩ፣ የእህቴ ልጅ ቡና ደርሷል ልትለኝ መጥታ "ጋሼ፣ በሩ ክፍት ሆኖ መብራቱ መች ይጠፋል?" አለችኝ። ዝም ብዬ አየኋት። 10 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 0.83 አምፔር ይወስዳል፣ በዛ ላይ 0.55 ሲደመር 1.38፣ ልክክ። ስንከታተል የዋልነው እኔ የከፈትኩት በር ነው።

በሩን ዘግቼ፣ በሩ ሲከፈት መብራቱን የሚያበራውን ቁልፍ በፕላስተር አሰርኩት። አሁን እውነተኛው ቁጥር 0.55 ነው። ይሄ ትንሽ ይመስላል ግን በ72 ሰዓት ወደ 40 አምፔር ሰዓት ነው፣ ባትሪው ደሞ ራሱ 45 ነው፣ ሶስት ቀን ስትቆም ለምን እንደምትሞት ገባኝ። ባትሪ መቀየር ምን ሊረዳ።

ሁሉንም ፊውዝ ነቀልኩ፣ 0.55 አልተነቃነቀም። እዚህ ላይ ነው የከበደኝ። በፊውዝ የማያልፍ ነገር ነው ማለት ነው። ከሬጉላተሩ (የዲናሞውን ቻርጅ ከሚቆጣጠረው) የባትሪውን ሽቦ ነቀልኩ፣ ያው ነው። ስለዚህ ዲናሞ ወገን አይደለም፣ ወደ ፊት ነው። መሽቶ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ ቴስተሩ መሀል እንዳለ ረስቼ ቁልፉን ወደ ማስነሻ አዞርኩት። የቴስተሩ ፊውዝ ተቃጠለ። መተኪያው 80 ብርና አንድ ሳምንት ፈጀ።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ

መስቀል ነው፣ ሱቅ ዝግ፣ ስለዚህ ያለኝን ይዤ ዳሽቦርድ ጀርባ ገባሁ። ቮልስ ላይ ይሄ ሥራ ደስ ይላል፣ የፊት ኮፈኑን ከፍተህ ካርቶኑን ስታነሳ የዳሽቦርዱ ጀርባ በሙሉ ፊትህ ነው፣ አንገትህን ጠምዝዘህ ፔዳል ስር መተኛት የለም።

ደስ የማይለው ያገኘሁት ነገር ነው። ጀርመኖቹ ሲሠሩት ሽቦው ሁሉ ቀለም አለው፣ ቡኒ ማሳ ነው (ከረንቱ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት)፣ ቀይ ቀጥታ ከባትሪ፣ ጥቁር በቁልፍ የሚያልፍ፣ ግራጫ ፖዚሽን። ተርሚናሎቹ ላይ ደሞ ቁጥር አለ፣ ዲን 72552 የሚባለው ስታንዳርድ ነው፣ 30 ማለት ቀጥታ ባትሪ፣ 15 በቁልፍ፣ 31 ማሳ፣ 50 ወደ ሞተሪኖ፣ 61 የቻርጅ መብራት። ይሄን አምስት ቁጥር ከያዝክ ዲያግራም ባይኖርህም ትሠራለህ። ግን ከኔ በፊት የገባ ሰው ሁሉ የተበጠሰውን በነጭ የቤት መብራት ገመድ ነው የቀጠለው፣ ነጭ ገብቶ ነጭ ይወጣል፣ የቱ የት እንደሚሄድ የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ናቸው። ቅጥያዎቹም ተጠምዝዘው በፕላስተር የታሸጉ ናቸው፣ ፕላስተሩ ረግፎ ሙጫው ብቻ ቀርቷል።

እና የመብራት ማብሪያው 30 ተርሚናል ላይ አንድ ትርፍ ነጭ ገመድ ተደርቦ አየሁ። በእጄ እየተከተልኩ ሄድኩ፣ ከራዲዮኑ ጀርባ ክብሪት ሳጥን የሚያክል ጥቁር ነገር ላይ ደረሰ። ነካሁት፣ ሞቅ ይላል። ሁሉም ነገር የጠፋባት መኪና ውስጥ ሞቅ የሚል ነገር።

አላርም ነው። አባቴ ዱሮ ራዲዮ ተሰርቆበት ያስገጠመው። ሳይረኑ ከተነቀለ ስንት ዘመኑ፣ ሪሞቱም የለም፣ ሳጥኑ ግን ውስጡ ያለውን ሪሌይ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ይዞ ቀን ከሌት ዘብ ይቆማል። ገመዱን ነቀልኩ፣ ቴስተሩ 0.00። ይቺ መኪና ሰዓት እንኳን የላትም፣ ቆማ ምንም መውሰድ የለባትም።

መስከረም 18፣ እሁድ

ክላክሱን ዛሬ ጨረስኩት፣ አጭር ነው። ቮልስ ላይ ክላክሱ በፖዘቲቭ አይደለም የሚታዘዘው፣ መሪው ላይ ስትጫነው ማሳ ነው የምትሰጠው። ወደ መሪው የሚወጣው ሽቦ ልባሱ ተልጦ ወደ ግራ ሲዞር ብረቱን ይነካል፣ ማሳ አገኘ ማለት ነው፣ ይጮሃል። አዲስ ሽቦ፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ቱቦ፣ 45 ብር። ያ ድንኳን ግን አይረሳኝም።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ሞተሪኖ። ባትሪው 12.6 ያሳያል፣ ሙሉ ነው፣ ግን ጠቅ ብላ ትቆማለች፣ አንዳንዴ ደሞ እያቃሰተች ትዞራለች።

ከአባቴ ጓደኛ ጋር ሆጤ ቡና ስንጠጣ ነገርኳቸው፣ ዱሮ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነበሩ፣ አሁን ዓይናቸው ደክሟል።

"ሞተሩ ከሻንሲው ጋር በምን ነው የተያያዘው?" አሉኝ።

"በብሎን ነዋ ጋሼ።"

"ብሎኑ በምን ላይ ነው ያረፈው?"

ዝም አልኩ። ላስቲክ ላይ ነው። ሞተሩም ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑ) ላስቲክ ላይ ነው የተቀመጡት፣ ላስቲክ ደሞ ከረንት አያሳልፍም።

"እንግዲህ ማሳው በምን ዞሮ እንደሚመለስ ሄደህ ፈልግ፣ አብሽር፣ ሞተሪኖህ ደህና ነው" አሉኝና ወደ ሌላ ወሬ ሄዱ።

(በነገራችን ላይ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ፣ ማሳ፣ ካንዴላ፣ ሁሉም ጣልያንኛ ነው። የጀርመን መኪና በጣልያንኛ የምንጠግን ሰዎች ነን።)

መስከረም 25፣ እሁድ

የእህቴን ልጅ ቁልፍ ላይ አስቀመጥኳት፣ እኔ ኋላ። ስታዞር የባትሪው ቮልት 10.4። ሞተሪኖው ላይ፣ በወፍራሙ ብሎንና በራሱ አካል መሀል ስለካው 6.9። ሶስት ቮልት ተኩል የት ገባ? ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ብሎን 0.4 ብቻ ነው የጠፋው፣ ይሄ ደህና ነው። ከሞተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ስለካ 3.1። መሆን ያለበት 0.2 ምናምን ነው፣ ሁለት ኔጌቲቭ ነገሮች መሀል 3.1 ቮልት።

እንደገና አዙሪ አልኳትና ካርቡራተሩ ላይ ተደግፌ ሳይ እጄ የነዳጅ ፔዳሉን ገመድ ነካ። አቃጠለኝ። እውነት አቃጠለኝ፣ ጣቴ ላይ መስመር ሠርቷል፣ የተቃጠለ ግራሶ ሽታም መጣ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ሞተሪኖው የሚበላው ከረንት በመቶ ቤት አምፔር ነው፣ የመመለሻ መንገድ ሲያጣ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል፣ ያገኘው ደሞ ከፔዳል እስከ ካርቡራተር የሚሄደውን ቀጭን ገመድና የፍሪሲዮኑን ገመድ ነው። በአንድ ዓመት ሁለት የነዳጅ ገመድ ተበጥሶብኝ ቀይሬያለሁ፣ ሁለቴም "እቃው ፎርጅድ ነው" እያልኩ ሻጩን ስረግም ነበር። ይቅር ይበለኝ።

ክሪክ አድርጌ፣ ድንጋይ ደግፌ ስር ገባሁ። ከካምቢዮው የፊት ጫፍ ወደ ሻንሲው የሚሄድ ጠፍጣፋ የተጎነጎነ የመዳብ ማሳ መኖር ነበረበት። ብሎኑ አለ፣ ብሎኑ ስር የቀለበቱ ቁራጭ አለ፣ ገመዱ የለም። ፍሪሲዮን ሲቀየር ካምቢዮ ወርዶ ነበር፣ ያኔ ተቆርጦ ቀርቷል።

ኦሪጅናሉ አልተገኘም። ከአሮጌ የአይሱዙ ባትሪ ካቦ 40 ሳንቲሜትር አስቆርጬ ሁለት ጫፉ ላይ የመዳብ ቀለበት አስመታሁ፣ 450 ብር። ሁለቱን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተግኩ፣ አሰርኩ፣ ላዩን ግራሶ። 3.1 የነበረው 0.15 ሆነ። ሞተሪኖው እንዴት እንደዞረ፣ የእህቴ ልጅ ደንግጣ ቁልፉን ለቀቀች።

2,800 ብር የከፈልኩበትን ካርቦን አስቤ ትንሽ አመመኝ።

ጥቅምት 2፣ እሁድ

የኋላ መብራት። ግራ ፍሬቻ ሳበራ የግራው ፖዚሽን አብሮ ይርገበገባል፣ ፍሬን ስረግጥ ደሞ ስቶፑ ደብዛዛ ነው። አሁን ብልህ ሆኛለሁ፣ ቀጥታ ማሳ ለካሁ፣ ከመብራቱ ቤት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ 4.6 ቮልት።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ የኋላው መብራት ማሳውን የሚያገኘው በፓራፋንጎው (ጎማውን በሚሸፍነው ብረት) በኩል ነው፣ ፓራፋንጎው ከአካሉ ጋር በብሎን ይያያዛል ግን መሀሉ የላስቲክ ጥብጣብ አለ፣ ብሎኖቹ ዝገዋል፣ በዛ ላይ መኪናዋ ሁለቴ ቀለም ተቀብታለች፣ ቀለም ቀቢው ደሞ ቀለሙን አልሰሰተም። ማሳ ሲጠፋ የፍሬቻው ከረንት በፖዚሽኑ አምፖል ክር ዞሮ በሌላ በኩል ይወጣል፣ ለዛ ነው አብረው የሚጨፍሩት። ሰው ይሄን ሲያይ ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን) ይቀይራል። እኔም ልቀይር ነበር፣ ዋጋ ጠይቄ መጥቼ ነበር።

ከእያንዳንዱ የመብራት ቤት የራሱ ቡኒ ሽቦ አወጣሁና ሞተር ክፍሉ ውስጥ ንጹህ ብረት ላይ አሰርኩት። ሽቦ 3 ሜትር፣ ተርሚናል፣ 190 ብር። ቀኝም ግራም ጸጥ አሉ። ቡኒ ሽቦ ለማግኘት አራት ሱቅ ዞሬያለሁ፣ ቀይና ጥቁር ብቻ ነው ያለው፣ ግን ነጭ ገመድ እኔም ከጨመርኩ ሌላውን በምን አፌ እወቅሳለሁ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

በራስ መተማመን መጣና ወረድኩ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ነው የምትወርደው፣ ደሴ ላይ ጃኬት ለብሰህ ኮምቦልቻ ላይ ሸሚዝህን ትከፍታለህ። ቆንጆ ወረደች። ምሳ በላሁ፣ ግማሽ ሰዓት ቆማ ልነሳ ስል፣ ጠቅ። እንደገና ጠቅ። ማሳውን እንደገና ለካሁ፣ 0.15፣ ደህና ነው። ባትሪ 12.5። ቀዝቃዛ ስትሆን ትነሳለች፣ ስትግል ጠቅ ብቻ።

ቁልፍ ተይዞ 50 ተርሚናል ላይ ስለካ 8.1 ቮልት። ሞተሪኖውን የሚያስነሳው ማግኔት፣ ሶሌኖይዱ፣ ለመጎተት አነሰው። ይሄ ሽቦ ከኋላ ባትሪ ተነስቶ ፊት ቁልፉ ጋ ይደርስና ተመልሶ ኋላ ሞተሪኖ ድረስ ይመጣል፣ መሀሉ ላይ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቁልፍና የማላውቀው ብዛት ነጭ ቅጥያ አለ። ሲሞቅ ደሞ የመዳቡ ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ ሶሌኖይዱም ይሞቃል። ሁለት ጎረምሶች ገፍተው አስነሱልኝ፣ ለሻይ 100 ብር። ሞተሯን ሳላጠፋ ባለ 40 አምፔር ሪሌይ ከነሶኬቱ ገዛሁ፣ 550፣ በሐረጎ ዳገት በኩል ወደ ላይ፣ ወደ ደሴ።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

ሪሌዩን ሞተሪኖው አጠገብ ሰቀልኩት። አሮጌው የ50 ሽቦ አሁን ሪሌዩን ብቻ ነው የሚያዘው፣ የሪሌዩ 86 ቁጥር ላይ ገባ፣ 85 ማሳ፣ 30 ከሞተሪኖው ወፍራም ብሎን በ4 ካሬ ሽቦ ፊውዝ አድርጌ፣ 87 ወደ ሶሌኖይዱ። መጀመሪያ ሽቦዎቹን አቀያይሬ አስሬ ንቅንቅ አላለችም፣ አንድ ሰዓት ሪሌዩን ስጠረጥር ቆየሁ፣ ሶኬቱ ሲገለበጥ ቁጥሮቹም እንደሚገለበጡ ረስቼ። ከተስተካከለ በኋላ ሶሌኖይዱ ላይ 10.1 ቮልት። ሞተሩን እስኪግል አስነስቼ አጥፍቼ አስነሳሁ፣ አስር ጊዜ። አስሩም።

ከዛ ወደ መብራቱ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.6፣ የፊት መብራቱ ጀርባ 10.4። ፊውዝ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ እነዚያ ሴራሚክ ፊውዞች፣ ነጩ 8 አምፔር ቀዩ 16፣ ጫፋቸው ሾጣጣ ሆኖ በመዳብ ምላስ መሀል የሚቆሙት። ምላሶቹ አረንጓዴ ሆነዋል። ሁለቱ ፊውዝ የተቃጠሉ ናቸው፣ የሲጋራ ብር ወረቀት ተጠቅልሎባቸው ነው የሚሠሩት፣ አንደኛው ስር ፕላስቲኩ ቀልጦ ጥቁር እንባ ሠርቷል። ይሄን ያደረገው ሰው ምሽት ላይ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፣ አልፈርድበትም፣ ግን ቤቱ ሲደርስ ቢያወጣው ምን ነበር።

ሁሉንም ነቅዬ ምላሶቹን ፈተግኩ፣ 12 አዲስ ፊውዝ፣ 240 ብር፣ የመብራት ማብሪያውን ተርሚናሎችም አጥብቄ አሰርኩ። የፊት መብራት 12.5። ግድግዳው ላይ ሳበራው ልዩነቱ ቢጫና ነጭ ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሆን ብዬ በማታ ወረድኩ፣ ኮምቦልቻ ደርሼ ሞተር አጥፍቼ አስነስቼ ተመለስኩ። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ያለው ነጭ መስመር ታየኝ፣ እስከ ዛሬ መስመር እንዳለውም አላውቅም ነበር። ፍሬቻ ልክ፣ ክላክስ ልክ፣ ቻርጅ 13.9።

ደሴ ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ ተንገጫግጫ ቆመች። ቤንዚን ጨርሳለች። ጌጁ ሙሉ ነው የሚለው። አንድ ባጃጅ ሁለት ሊትር አምጥቶልኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ሽቦውን ከታንከሩ ላይ ነቅዬ አየሁ፣ ጌጁ ወደ ባዶ ወረደ። ስለዚህ ሽቦውም ጌጁም ደህና ነው፣ ማሳ እየሰጠ የሚያታልለው ታንከር ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ነው። እስኪገኝ ድረስ የእህቴ ልጅ በእንጨት ላይ በአምስት በአምስት ሊትር ጭረት አድርጋልኛለች፣ የፊት ኮፈን ውስጥ ከክሪኩ ጎን ተቀምጧል።